በፓርቲ ጉባኤ «ላይ» የተባለና «ስለ» ፓርቲ ጉባኤ የተባለ፦ ንግግርን በአማርኛ ስለ መጥቀስ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ለተማሪዎች ክበብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ርእሱን «በአሜሪካ ፓርቲዎች ኮንቬንሽን ላይ የተነገሩ የማይረሱ ንግግሮች» ብዬዋለሁ። አንድ ባልደረባዬ «ኮንግረስ በለው» ይለኛል፤ ሌላው «ጉባኤ» ይበቃል ይላል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ጉባኤ የቤተ ክህነት ቃል ስለሆነ ለፖለቲካ አይስማማም ባይ ናት። ንግግሮቹን ስተረጉምም «አለ» ልበል ወይስ «አሉ»፣ በትእምርተ ጥቅስ ላስገባቸው ወይስ በራሴ አገላለጽ ልጻፋቸው የሚለው አስቸግሮኛል። የብራያንን፣ የቡሽን፣ የኦባማንና የዊል ሮጀርስን አራት ጥቅሶች ከነትርጉሜ ልኬልዎታለሁና ቢያርሙልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በርእስዎ ላይ «ጉባኤ» ብለው ይጻፉ። ቃሉ ከግእዙ «ገብአ» የወጣ ነው፤ «ተጋብአ» ተሰበሰበ ማለት ሲሆን፣ ጉባኤም ለአንድ ቁም ነገር የተጠራ፣ ጊዜና ሥርዐት የተወሰነለት፣ ውሳኔ የሚጠበቅበት ስብሰባ ነው። «ስብሰባ» ራሱ ጥሩ ቃል ቢሆንም በጣም ሰፊ ነው፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ቢሮ ተቀምጠው የሚያደርጉትንም ይሸፍናል። የአሜሪካ ፓርቲዎች ግን በየ4 ዓመቱ ከየግዛቱ የተወከሉ ልዑካንን ጠርተው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩትን ዕጩዎች ይሰይማሉ፣ የፓርቲውንም የፖሊሲ አቋም በድምፅ ያጸድቃሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከምልን ቃል ጉባኤ ነው። ፊደሉንም ልብ ይበሉ፦ ሥሩ በአሌፉ «አ» የሚጻፍ ስለሆነ «ጉባኤ» ነው፤ «ጉባዔ» እየተባለ በየማስታወቂያው የሚጻፈው ስሕተት ነው። በዚሁ ምክንያት «ምልአተ ጉባኤ» የሚለውም «መልአ» ከሚለው ግስ ስለመጣ ሁለቱም ቃላት «አ» ይፈልጋሉ።

ለደሴ ሰው ቃሉ የሩቅ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ ላይ የመሩት ሃይማኖታዊ ክርክር እስከ ዛሬ የሚጠራው «የቦሩ ሜዳ ጉባኤ» ተብሎ ነው። የሦስተኛዋ ባልደረባዎ ቅሬታ ከዚህ ትዝታ የመነጨ ከሆነ በአክብሮት እቀበለዋለሁ፤ ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ መገደዱን አገሩ አልረሳውም። ይሁንና ቃሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ተጉዟል። የአክሲዮን ማኅበር ባለድርሻዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ መጅሊሱም ጭምር «ጠቅላላ ጉባኤ» ይጠራሉ። በፖለቲካውም በኩል ኢሠፓ በ1976 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመሠረተው በ«መሥራች ጉባኤ» ነው፤ ኢሕአዴግም መስከረም 2011 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የተቀመጠው «11ኛ ድርጅታዊ ጉባኤ» ብሎ ነው። በመሆኑም ቃሉ ለፖለቲካ አይስማማም ማለት አይቻልም።

«ኮንግረስ» ለሌላ አገር ፓርቲ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለአሜሪካ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ኮንግረስ ማለት ሕግ አውጪው ምክር ቤት ነው። ተማሪዎ «የዴሞክራቲክ ፓርቲ ኮንግረስ» የሚለውን ሲያነብ በምክር ቤቱ ወንበር ያላቸውን የፓርቲውን አባላት ቢያስብ አይፈረድበትም። «ኮንቬንሽን»ም ቢሆን በአማርኛ ጽሑፍ አስቀድሞ ቦታ የያዘው በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ስም ነው። ለተሳታፊዎቹ ደግሞ «ልዑክ» የሚለውን «ጉባኤተኛ» ከሚለው አስበልጣለሁ። ጉባኤተኛ በአዳራሹ የተቀመጠውን ሁሉ ሲያመለክት፣ ልዑክ ግን ሌሎች የላኩት፣ በእነርሱም ስም ድምፅ የሚሰጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ሲያቀብል የተናጋሪውን «እኔ» እንዳለ ይጠብቃል። «ከድር ነገ አልመጣም አለ» ስንል የማይመጣው ከድር ነው፤ ግሱ ግን ከድር ራሱ እንደሚናገረው በአንደኛ መደብ ተቀምጧል። ከድር በእርግጥ ያለው «ነገ ሥራ ይበዛብኛል» የሚል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ሐሳቡን ወስደን በራሳችን ቃል በአፉ አደረግንለት። በወሬ ላይ ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ የቋንቋችን አንዱ ውበትም ነው። በጽሑፍ ላይ፣ በተለይም ታሪክ የሆነን ንግግር ስንጠቅስ ግን አንባቢው የተናጋሪውን ቃል እየሰማ ይሁን ወይም የጸሐፊውን ማጠቃለያ፣ ከግሱ መለየት አይችልም። መለያው ትእምርተ ጥቅሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ምስክርነት ቃል እንዲያዩት እለምንዎታለሁ። « » ውስጥ የሚገባው ሰውየው ያለው ነው፤ ከሌላ ቋንቋ ሲተረጎምም ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ነው። ሐሳቡን ብቻ ለማስተላለፍ ሲሹ ደግሞ ምልክቱንም «አሉ»ንም ትተው በ«እንደ» ወይም በ«መሆኑን» ይግለጹት፦ «አዲስ ግብር እንደማይጣል ቃል ገቡ»፣ «ፓርቲው የተከፋፈለ መሆኑን ተናገሩ»።

በዚህ ዐይን የላኩልኝን የጆርጅ ቡሽን (የአባትየውን) ጥቅስ እንመልከት። እርስዎ የጻፉት «ቡሽ፦ “ከንፈሬን አንብቡ፤ እኔ አዲስ ግብር አልጥልም” አለ» የሚል ነው። ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ኒው ኦርሊንስ በተደረገው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ ዕጩነታቸውን ሲቀበሉ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እኔ» አላሉም፤ «አልጥልም» የሚለው አንደኛ መደብ የመጣው አሁን ከተናገርኩት የአማርኛ ልማድ ነው። ከዚህም በላይ ንግግሩ በቀጥታ ለሕዝቡ የተነገረ አይደለም። ቡሽ የተናገሩት ወደፊት ከኮንግረሱ ጋር ሊያደርጉት ስላሰቡት ክርክር ነው፦ ኮንግረሱ ግብር እንድጨምር ይገፋፋኛል፣ እኔም አይሆንም እላለሁ፤ ደግሞ ይገፋፋኛል፣ ደግሜ አይሆንም እላለሁ፤ እንደገና ሲገፋፋኝም እንዲህ እላቸዋለሁ፤ እያሉ መጥተው ነው ታዋቂዋን ሐረግ ያወጧት። እንግዲህ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጥቅስ ስለሆነ፣ ውስጠኛው ነጠላ ምልክት ያስፈልገዋል፦ «እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ‹ከአፌ ስሙኝ፤ አዲስ ግብር አይጣልም›»።

«ከንፈሬን አንብቡ» የሚለውን ለምን እንደለወጥኩት ሳይገባዎት አይቀርም። በአማርኛ ከንፈር ይመጠጣል፣ ከንፈር ይነከሳል፤ ለማዘንና ለመቆጨት የምንጠራው አካል ነው። የተናጋሪውን ቁርጠኝነት የምንሰማው በአፍና በቃል ነውና «ከአፌ ስሙኝ» ለንግግሩ የቀረበ ነው። እንግሊዝኛው ቃል በቃል «አዲስ ግብር የለም» የሚለውንም «አይጣልም» ማለት ይሻላል። «ግብር» በእኛ አገር ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ይገባ እንደነበር ከአያቶቹ የሰማ የደሴ ልጅ «አዲስ ግብር የለም» ቢሉት ድግስ ቀረ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ትርጉሙን የሚለየው ግሱ ነው፤ የድግሱ ግብር ይገባል፣ ይበላል፤ የመንግሥቱ ግብር ይጣላል፣ ይከፈላል። የዚህች ሐረግ እያንዳንዱ ቃል መጠንቀቅ የሚገባው ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምዘረዝረው፤ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ከኮንግረሱ ጋር ተስማምተው ግብር የሚጨምር በጀት ከተቀበሉ በኋላ ተቃዋሚዎቻቸው ይህችኑ ንግግር ቃል በቃል እየጠቀሱ ከሰሷቸው፣ በ1992ቱም ምርጫ ተሸነፉ። ሰው በቃሉ ሲጠየቅ ቃሉ በትክክል ሊቀርብለት ይገባል።

ከአራቱ የበለጠ ያደከመዎት፣ እኔንም የበለጠ ያቆየኝ የዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ጥቅስ ነው። ብራያን እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 1896 ቺካጎ ላይ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ የተናገሩት ስለ ገንዘብ ነበር። የአገሪቱ ገንዘብ በወርቅ ብቻ እንዲለካ የሚፈልጉትን ወገኖች ተቃውመው፣ ብርም አብሮ መለኪያ እንዲሆንና የተበደረው ገበሬ እፎይ እንዲል ተከራከሩ። መደምደሚያቸውን እርስዎ የጻፉት «የእሾህ ቆብ በላብ አደሩ ራስ ላይ አታድርጉ፤ የሰውን ልጅ በወርቅ መስቀል ላይ አትስቀሉ» ብለው ነው። ሦስት ነገር አርሜበታለሁ።

«የእሾህ ቆብ» የሚለው ምስሉን ይሰብረዋል። ተናጋሪው ጉባኤውን የወሰዱት ወደ ሕማማቱ ታሪክ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ለዚያ የተዘጋጀ ስም አለ፤ «አክሊለ ሦክ» ወይም «የእሾህ አክሊል» ይባላል። ለተማሪ የሚጻፍ ስለሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ። አክሊልም «አይደረግም»፣ «ይደፋል»።

ቀጥሎ ግሱ አለ። «አትስቀሉ» ክልከላ ነው፤ «አትግደል፣ አትስረቅ» እንደሚለው ትእዛዝ። ብራያን ግን ተቃዋሚዎቻቸውን አያዝዙም፣ አይለምኑም፤ ይህን ልታደርጉ አትችሉም፣ እኛ ቆመን አይሆንም ነው የሚሉት። አማርኛ ለዚህ እንቢታ «አትሰቅሉም» የሚለውን ቅርጽ አዘጋጅቶልናል። አንድ አባት በደጁ ቆሞ «በዚህ አታልፉም» ሲል የሚሰማው ድምፅ ይህ ነው። «አትለፉ» ቢል ምክር ሊመስል ይችላል፤ «አታልፉም» ሲል ግን ነገሩ አልቋል።

የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። «የሰው ልጅ» በዕለት ንግግራችን አዳምን ሁሉ፣ ሰብአዊ ፍጡርን በሙሉ ማለት ነው፤ እርስዎም የተጠቀሙበት በዚህ ትርጉሙ ነው። በአማርኛው ወንጌል ግን «የሰው ልጅ» ክርስቶስ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው። ይህ ሐረግ ከመስቀል ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ወንጌል ሲነበብ የሰማ ማንኛውም አንባቢ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ብራያን ያላሰቡት ቅኔ ይፈጠራል። ሰምና ወርቅ በሚወደድበት አገር ይህ ድንገተኛ ስጦታ ነው ብሎ የሚደሰት ተርጓሚ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን በንግግሩ ውስጥ የማናገኘውን ጨምረን የሰውየውን ሐሳብ ልናሰፋለት አይገባም እላለሁ፤ ስለ ክርስቶስ ሳይሆን ስለ ሠራተኛውና ስለ ገበሬው ነበር የተናገሩት፤ መስቀሉን የጠቀሱትም የእነዚህን ሰዎች መከራ ከፍ አድርጎ ለማሳየት ነው። ስለዚህ «የሰውን ዘር» ይበሉ። ጥቅሱ በሙሉ እንዲህ ይሁን፦ «ይህን የእሾህ አክሊል በሠራተኛው ግንባር ላይ አትደፉም፤ የሰውን ዘር በወርቅ መስቀል ላይ አትሰቅሉም።» በማግስቱ ጉባኤው በ5ኛው ዙር ድምፅ የ36 ዓመቱን ብራያን ዕጩው አድርጎ ሰየማቸው፤ በምርጫው ግን በሪፐብሊካኑ ዕጩ በማኪንሊ ተሸነፉ።

የኦባማው ጥቅስ ያለበት እንከን አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን ላይ፣ ገና የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ሳሉ፣ የሊበራሎች አሜሪካና የወግ አጥባቂዎች አሜሪካ የሚባል ነገር እንደሌለ ከተናገሩ በኋላ የአገሪቱን ሙሉ ስም ጠሩ። የንግግሩ ጉልበት ያለው በዚያ ስም ውስጥ «የተባበሩ» የሚል ቃል በመኖሩ ነው። እርስዎ «ዩናይትድ ስቴትስ» ብለው በድምፁ ሲያስቀሩት ያ ቃል ጠፋ። ለሌላ ጽሑፍ ዩናይትድ ስቴትስ ማለት ምንም ነውር የለበትም፤ እዚህ ላይ ግን «ያለችው የተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ናት» ብለው መተርጎም አለብዎት።

የዊል ሮጀርስ ጥቅስ ደግሞ ከርእስዎ ጋር አይገጥምም፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልግ እርማት ነው። ሮጀርስ በቀልዳቸውና በጋዜጣ ዐምዳቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ የፓርቲ ጉባኤዎችንም ተገኝተው ይዘግቡ ነበር። «የተደራጀ ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ ዴሞክራት ነኝ» የሚለው ንግግር ስለ ፓርቲና ስለ ጉባኤዎቹ ትርምስ ያሉት ነው፤ ከጉባኤ መድረክ የተነገረ አይደለም። «በጉባኤ ላይ የተባለ» እና «ስለ ጉባኤ የተባለ» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «በ … ላይ» ቦታውንና ጊዜውን ሲነግረን «ስለ» ግን ጉዳዩን ብቻ ይነግረናል። ጽሑፍዎን በሁለት ንኡስ ርእስ ይክፈሉት፤ ያኔ ሮጀርስ ተገቢ ቦታቸውን ያገኛሉ። ከእርሳቸው ጎን እ.ኤ.አ. በ1924 የባልቲሞሩ ጋዜጠኛ መንከን ብሔራዊ የፓርቲ ጉባኤ እንደ መንፈሳዊ መነቃቃት ስብሰባ ወይም እንደ ስቅላት ቅጣት ሰውን የሚስብ ነገር እንዳለው የጻፉትን ሊጨምሩ ይችላሉ። እንደሚያዩት ይህን ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ በ«እንዳለው» ነው ያስቀመጥኩት፤ ሐሳቡን እንጂ ቃሉን አላመጣሁምና።

ትርጉምዎ ላይ «ኦርጋናይዝድ» ያሉትን «የተደራጀ» ያድርጉት። በእኛ የፖለቲካ አነጋገር «ድርጅት» ራሱ ፓርቲ ማለት ሆኖ የኖረ ስለሆነ የሮጀርስ ቀልድ በአማርኛ ይበልጥ ይሰላል። ቀልዱ ከምን እንደመጣ ለተማሪዎችዎ ለማሳየት የ1924ቱን የኒው ዮርክ ጉባኤ ያንሱላቸው። ዴሞክራቶች ያኔ ዕጩ የሚሰይሙት ከልዑካኑ ድምፅ ሁለት ሦስተኛው ሲገኝ ብቻ ነበር፤ ማካዱና ስሚዝ የተባሉት ተፎካካሪዎች ይህን ሊያሟሉ ባለመቻላቸው፣ አንዱም ለሌላው ባለመልቀቁ፣ 103 ዙር ድምፅ ተሰጥቶ በመጨረሻ ሁለቱም ቀርተው ጆን ዴቪስ ተሰየሙ። ጉባኤው በሬዲዮ ከተሰራጩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ስለነበር፣ የአላባማ ገዢ በየዙሩ ቀድመው ተነሥተው «አላባማ 24 ድምፅዋን ለኦስካር አንደርውድ ትሰጣለች» ሲሉ በየቤቱ የሚሰማው ሕዝብ አብሯቸው ይል ነበር። ይህ ያለ ጥርጥር «በጉባኤ ላይ የተባለ» ነው፤ የማይረሳ ንግግር ሁልጊዜ የጥበብ ንግግር አለመሆኑንም ያሳያል። ግዛቷን በሴት አንቀጽ ማስቀመጥዎን አይርሱ፤ አገርና ከተማ በአማርኛ የሚወደዱት እንዲያ ሲጠሩ ነው።

ስለ «አለ» እና «አሉ» የጠየቁት አጭር መልስ አለው። ሁሉንም በ«አሉ» ይጻፉ፤ ኦባማን አንቱ፣ ሮጀርስን አንተ ካደረጓቸው ግን ተማሪው ያላሰቡትን የማዕረግ ልዩነት ያነብባል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይያዙ። «አሉ» የወሬ ምልክትም ነው፤ «ደሴ ላይ በረዶ ወረደ አሉ» ስንል ማን እንዳለ አይታወቅም። ተናጋሪው በስም ካልቀደመ የአክብሮቱ «አሉ» የወሬው «አሉ» ይመስላል። በተለይ ጥቅሱ ሲረዝም ባለቤቱን ከፊት አስቀምጠው «ብራያን እንዲህ አሉ፦» ብለው ይጀምሩ፤ «ሲሉ ተናግረዋል» የሚለውን መጨረሻ ላይ ማንጠልጠል አንባቢው ማን እንደሚናገር ሳያውቅ እስከ ነጥቡ እንዲሄድ ያደርገዋል። የሮጀርስ ንግግር ቃሉ እየተለዋወጠ የሚጠቀስ ስለሆነ «እንዳሉ ይጠቀሳል» ቢሉ ይበቃል።

ዓመቶቹን በተመለከተ በአራቱም ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ቀርቷል። እርሱ ከሌለ «1896» ለተማሪዎ የኢትዮጵያ ዘመን ነው፤ የስምንት ዓመት ያህል ስሕተት ይፈጠራል። ቢቻል ሁለቱንም ይጻፉ። የብራያን ንግግር በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1888 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ የአድዋ ድል ከተገኘ ከአራት ወር በኋላ መሆኑ ነው፤ ይህን በቅንፍ ቢያኖሩት ተማሪው ዘመኑን ከሚያውቀው ታሪክ ጋር ያገናኘዋል።